እናቴን የከሰስኩበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ዝናብ ያበሰበሰው በርኖስ ለብሰው ነበር። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ የሰው ትንፋሽ መስተዋቱን ሸፍኖታል፤ ከበርኖሱ የሚነሳው የእርጥብ ሱፍ ሽታ፣ በግ በግና ጭስ ጭስ እያለ መኪናውን ሞልቶታል። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ደግሞ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ያስቅሻል?» አሉኝ።

«አንድ ዳኛ ትዝ ብለውኝ ነው።»

«ዳኛ ያስቃል እንዴ?» ብለው እሳቸውም ሳቁ።

ያስቃል። ደግሞም ያስለቅሳል። የእኔ ዳኛ የሚያስችሉት በተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እንዲህ ያለ በርኖስም ነበራቸው። ዝናብ በነካው ቁጥር ዘመን ዘመን ይሸታል።

ያን ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምኖረው መካነ ሰላም፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከእናቴ ታላቅ እህት ከአክስቴ ከታንጉት ጋር ነው። እናቴ ስንዱ አራት ዓመቴ ላይ ጥላኝ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች።

ከአውቶብስ ስትወርድ አላወቅኳትም። እኔ የማውቃት ግድግዳችን ላይ የተሰቀለችውን ነው፤ ያቺ ቀጭን ናት፣ አትናገርም። ይቺኛዋ ሞላ ብላ፣ ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ሽቶዋ ቀድሟት እየደረሰ፣ «የኔ እናት! የሺዬ!» ብላ አፈፍ አድርጋ አነሳችኝ። እግሬ ከመሬት ሲለቅ ወደ አክስቴ እጄን ዘርግቼ ጮህኩ። እናቴ ቀስ አድርጋ አወረደችኝ። የአባያዋን እጅጌ ደጋግማ አስተካከለች።

ፓስፖርቷ ላይ ስሟ ሰዓዳ ነው። በዚያ ጊዜ ከክርስቲያን ቤት ወጥተው ወደ ጅዳ የሚሄዱ ሴቶች ብዙዎቹ ስም ቀይረው ነበር የሚሄዱት። እኔ ግን ስንዱና ሰዓዳ ሁለት ሴቶች መሰሉኝ፤ አንዷ የኛ፣ አንዷ የጅዳ። ጠዋት ጠዋት ፊቷን አተኩሬ እያየሁ፣ ዛሬ የተነሳችው የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት እሞክር ነበር። በእንቅልፍ ልቧ በአረብኛ ስታወራ፣ ሰዓዳ ናት ብዬ ወደ አክስቴ አልጋ እሄዳለሁ።

«ለእረፍት ነው የመጣችው። እረፍቷን ስትጨርስ ትመለሳለች» አለችኝ አክስቴ።

ይህን ቃል ይዤ ብዙ አሰብኩበት። እረፍቷን ካልጨረሰች አትመለስም ማለት ነው። ስለዚህ እንዳታርፍ ማድረግ ነበረብኝ። እናቴ ቀን ቀን ትተኛ ነበር፤ የአምስት ዓመት እንቅልፍ ተሸክማ የመጣች ነበር የምትመስለው። እኔ የድስት ክዳን እጥላለሁ። ዶሮ እያባረርኩ ወደ መኝታ ቤት አስገባለሁ። አንድ ቀን የጎረቤት ግልገል ጎትቼ አልጋዋ እግር ላይ አሰርኩ። ግልገሉ እናቱን እየተጣራ ሲጮህ እናቴ ብድግ ብላ፣ «ማነው? ምን ሆነ? ሕፃኑ ነው?» አለች። ጅዳ የምታሳድገው ሕፃን እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

አክስቴ ወስፌ የምታህል ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ውጪልኝ! እናትሽ ትረፍበት! ውጪ!»

ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ነጠላዬን አናቴ ላይ ጥዬ፣ በቦይ የሚወርደውን ደፍራሽ ውኃ ዘልዬ፣ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። መብራት ስለጠፋ ወፍጮው ቆሟል። ጣሪያው ያፈሳል፤ አንድ ቦታ ብቻ ደረቅ ነው። እዚያ ሄጄ ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። ወዲያው ከድጃ መጣች። ከድጃ የእኔ እኩያ ናት፤ የአያ ይመር የልጅ ልጅ።

«ተነሽ! ቦታዬ ነው» አለች።

«ስምሽ ተጽፎበታል?»

ልትገፈትረኝ እጇን ስታነሳ፣ ከበረንዳው ጥግ አንድ ድምፅ ተሰማ። «ኧረግ! ይህ አገር ዳኛ የለውም እንዴ? ቁሙ ሁለታችሁም!»

አያ ይመር ነበሩ። በሦስት መንግሥት ፍርድ ቤት ውስጥ በተላላኪነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። አባታቸው የድሮ ተሟጋች ነበር አሉ፤ ደሴ ድረስ የሰው ነገር ይዞ የሚሄድ፣ ሲከራከር ገበያው ሥራ ፈቶ የሚሰማው። እሳቸውም ወጣት ሳሉ ዳኛ ፊት ቆመው ተከራክረዋል። ከዚያ ወረቀትና ማኅተም መጣ፤ እሳቸው ወረቀቱን ከቢሮ ቢሮ ሲያመላልሱ አረጁ።

«አሁን ነገር በወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚሄድ» ይሉ ነበር። «ማን ምን እንዳለ ሰው አይሰማ። ያኔ ነገር በአፍ ነው፣ በአደባባይ፣ ፀሐይ እያየው!»

በርኖሳቸውን አስተካክለው የተሰበረው የወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «አደግድጊ!» አሉኝ።

ምን ማለት እንደሆነ ስላላወቅኩ ተንበረከክሁ። ከድጃ ጠላቴ ብትሆንም አዘነችልኝ። «ነጠላሽን ከትከሻሽ አውርደሽ ወገብሽ ላይ ታጠቂ ማለት ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዳኛ ፊት ተከናንቦ አይቆምም።»

እሷም ታጠቀች። አንድ እግሯን ወደፊት አስቀድማ፣ ያነሳችውን እንጨት መሬት ላይ ድው አደረገችው።

«ዳኛዬ ይስሙኝ! እኔ ከድጃ፣ በማለዳ ወጥቼ፣ ደረቁን ቦታ በዓይኔ መርጬ፣ በገላዬ አሙቄ፣ ለሽንቴ ዞር ብል ይቺ ልጅ እንደ ጉም መጥታ ሰፈረችበት! ሽንት በሰው ፈቃድ ነው ወይ? ሽንቱ የጠራው ሰው ርስቱ ይነቀላል ወይ?»

በረንዳው ላይ የተጠለሉት ልጆች ሁሉ ጠጋ ጠጋ አሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ያቺ ቅድም ልትገፈትረኝ የነበረች ልጅ ድንገት ረጅም ሴት ሆነች።

«አንቺስ?» አሉኝ አያ ይመር።

«እኔ አላየሁም» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ልቅሶ መልስ አይደለም። ነገርሽን ከሥሩ አምጭው! ለምን ወጣሽ? ከየት መጣሽ? ማን አባረረሽ?»

ከሥሩ አመጣሁት። ስለ ግልገሉ ተናገርኩ፣ ስለ ድስት ክዳኑ፣ ስለ አክስቴ ጣት። ልጆቹ ሳቁ፤ አያ ይመር አልሳቁም። ስጨርስ በበረንዳው ላይ ከሁሉ ትንሹን ልጅ ጠሩ። አራት ዓመት ቢሆነው ነው።

«ፍረድ» አሉት።

በእሳቸው ችሎት ፍርድ የሚጀምረው ከታች ነው። ትንሹ ይቀድማል፤ ትልቁ መጨረሻ ይናገራል። «ትልቁ ከቀደመማ ትንሹ ፈርቶ ‹ልክ ነው› ይላላ!» ይሉ ነበር። ልጁ ጣቱን ከአፉ አውጥቶ፣ «ሁለቱም ይቀመጡ» አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተናገሩ። ፍርዱ ጸና፤ ሁለታችንም ደረቁ ቦታ ላይ ተጣብቀን ተቀመጥን። እኔ ሳልጠይቅ ቦታዋ ላይ በመቀመጤ አንድ እፍኝ ሽምብራ ከፈልኩ። ሽምብራውን ለሁለት በላነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ልቤ ከመካነ ሰላም ጠፋ። ጠዋት ተነስቼ ወደ በረንዳው ነው። ስለ ድሮ ችሎት አያ ይመር የሚነግሩንን አንዱንም አላስቀርም። ተከራካሪዎቹ በማር እንዴት እንደሚወራረዱ፣ ምስክር እንዴት እንደሚቆጠር፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው እንዴት እንደሚሄዱ። «አፈ ንጉሥ» የሚባል ትልቅ ዳኛ እንደነበር ሲነግሩን፣ ንጉሡ አፍ የሌለው ሰው መስሎኝ ነበር። እንዴት እንደሚበላ አሳስቦኝ ብዙ ቀን ከረምኩ። በመጨረሻ ከድጃን ጠየቅኳት። እሷም አላወቀችም፤ «በማንኪያ ይሆናል» አለችኝ።

ሰፈሩ ተለወጠብኝ። በጭቃው የሚያልፈው አይሱዙ በቅሎ ሆነ። የቴሌቪዥን ድምፅ ከጎረቤት ሲመጣ ጆሮዬን እይዛለሁ፤ ከገባሁበት ያስወጣኛላ። ቤት ውስጥ አክስቴ «ውኃ ቅጂ» ስትለኝ፣ «በማን ዳኝነት?» እላለሁ። እራት ላይ እናቴ ከጅዳ ያመጣችውን ብስኩት ስትሰጠኝ፣ በሁለት እጄ ተቀብዬ መሬት እስክነካ ጎንበስ አልኩላት። እናቴ አክስቴን አየቻት። አክስቴ፣ «ተያት፤ የይመር በሽታ ነው። እኔንም በልጅነቴ ይዞኝ ነበር» አለች።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን «በሕግ አምላክ» ነው።

«ያኔ» አሉን አያ ይመር፣ «በሕግ አምላክ ያልከው ሰው ይቆማል። የፈለገ ጉልበተኛ ይሁን፣ የፈለገ መንገድ ይቸኩል፣ እግሩን አያነሳም። እግሩን ካነሳ ሕግ ረገጠ ማለት ነው።»

«ማንም?» አልኳቸው።

«ማንም።»

ልሞክረው ወጣሁ። መጀመሪያ አህያ ላይ ሞከርኩ፤ አህያዋ ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ቀጥዬ አክስቴ የፈላ ሽሮ ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ፣ «በሕግ አምላክ!» አልኳት። ቀጥ አለች። «ምነው? እባብ ነው?» አለች ዓይኗ ፈጥጦ። እንዲሁ መሆኑን ስታውቅ ለግማሽ ቀን አሳደደችኝ። ሦስተኛው የአይሱዙ ሹፌር ነበር። መንገዱ መሐል ቆሜ እጄን ዘርግቼ ጮህኩ። ቆመ! አንገቱን አውጥቶ፣ «ምን ሆንሽ ሚጢጢ? የታመመ ሰው አለ?» አለኝ። ከመንገዱ ወጥቼ ሮጥኩ። ግን ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ይሠራል!

አሁን ሳስበው፣ ያ ዘመን ለምን እንደዚያ እንደጎተተኝ አውቃለሁ። በአያ ይመር ወሬ ውስጥ ሰው ሲበደል ወጥቶ ይናገራል፤ ተናግሮም ይሰማል። በእኔ ቤት ግን ስለ እናቴ መሄድ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ቀኑ እየቀረበ እንደሆነ የማውቀው አክስቴ በርበሬ ስትቀምም፣ ሻንጣው ሥር በሶ ሲደረደር በማየት ነው። ነገሩ በሹክሹክታ ያልቃል፤ እንደ ወረቀቱ።

አንድ ቀን ልጆቹ ሄደው እኔና አያ ይመር ብቻ ቀረን። በርኖሳቸውን ምሰሶው ላይ ሰቅለው ያደርቃሉ።

«አያ ይመር፣ በዚያን ዘመን ጅዳ ነበረች?»

«እንዴታ! አባቴ ሐጅ የሄደ ሰው ያውቅ ነበር። በእግር፣ ከዚያ በመርከብ። ሲሄድ ዓመት፣ ሲመለስ ዓመት።»

«ሴቶችስ ይሄዱ ነበር? ሰው ቤት ለመሥራት?»

የበርኖሳቸውን ጫፍ ጨመቁ። «ያኔም ሰው ከቤቱ ይወጣ ነበር፣ ልጄ። ወደ ሌላ ነው እንጂ።»

«እኔ ያኔ ብፈጠር ይሻለኝ ነበር» አልኳቸው።

«ሃይ! እንዲያ አትበይ» አሉ። በርኖሱን አወረዱና አጠገቤ ተቀመጡ። «እኔ የምነግራችሁ መልካም መልካሙን ነው። አባቴ አንድ ጊዜ በማያውቀው ነገር ከባለጋራው ጋር በሰንሰለት ታስሮ ስንት ወር ከርሟል። እናቴ ስንቅ እያመላለሰች እግሯ ተላጠ። እኔም ስናወራው ነው ደስ የሚለኝ።»

ይህ አልጣመኝም። ስለ ሰንሰለቱ እንዳልሰማሁ ሆንኩና የመጣሁበትን ጠየቅኳቸው።

«እናት ትከሰሳለች?»

«ልጅ አባቱን ይከስ ነበር፤ ሎሌ ጌታውን። እናት...» ሳቁ። «እናትን የከሰሰ አላየሁም። ግን አይቻልም የሚል ሕግ አልሰማሁም።»

ይህን ብቻ ነበር የፈለግሁት። ምን እንዳሰብኩ ለከድጃም አልነገርኳትም።

ከቡሄ በኋላ ባለው ሳምንት እናቴ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። የደሴው አውቶብስ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሳው። መናኸሪያው ጭቃ ብቻ ነው። የአውቶብሱ ጭስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ሰው በግማሽ ነው የሚታይ። አክስቴ ሳትናገር ታለቅሳለች። ከድጃ አያቷን ይዛ ልትሸኝ መጥታለች። አያ ይመር በበርኖሳቸው ላይ ላስቲክ ደርበዋል። እናቴ አቅፋ ሳመችኝ፤ አንገቴ ሥር እንደገና ሳመችኝ፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ቶሎ ገባች። በመስኮቱ አየኋት። ዓይኗን በእጇ ሸፍናለች።

ረዳቱ በሩን መታ መታ አደረገ። «ሂድ!»

ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ወገቤ ላይ ታጠቅኩ። አውቶብሱ ፊት ቆምኩ።

«በሕግ አምላክ!»

ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋብኝ።

«በሕግ አምላክ ስንዱ! በሕግ አምላክ ሰዓዳ! ሁለታችሁም ቁሙ!»

የትኛዋ እንደምትሄድ ስለማላውቅ ሁለቱንም ነው የከሰስኩት። የተሳፈረው ሰው በየመስኮቱ አንገቱን አወጣ። አንዱ ሳቀ። አክስቴ ልትይዘኝ ስትመጣ ወደ ጎን ዘለልኩ። ሹፌሩም ሊያባርረኝ ወርዶ አጠገቤ ደረሰ። ያኔ የተሳፋሪው በር ተከፈተ። እናቴ ከደረጃው ወርዳ ጭቃው ላይ ቆመች። አልተቆጣችም። ቀጥ ብላ፣ እጇን ወደ ጎን ለቅቃ ቆመች። እውነትም ቆመች!

አሁን ደግሞ ምን እንደሚደረግ ጠፋኝ። ዳኛ ያስፈልጋል። ወደ አያ ይመር ዞርኩ።

ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ጨዋታ ነው ብለው ሊበትኑት ይችሉ ነበር፤ የሚጠብቅ አውቶብስ አለ፣ የሚሳለቅ ሰው አለ። እሳቸው ግን ላስቲኩን አወለቁ፤ አንድ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ በርኖሳቸውን አስተካከሉ።

«ከሳሽ ተናገሪ» አሉ።

«ዳኛዬ ይስሙኝ!» አልኩ። የምመታበት እንጨት ስለሌለኝ በእግሬ ጭቃውን መታሁት፤ ሹፌሩ ላይ ተረጨ። «እኔ የሺ፣ የስንዱ ልጅ፣ አራት ዓመቴ ላይ እናቴ ሄደች። ሳልጠየቅ ሄደች። አሁን መጣች፣ ተኛች፣ ስትነቃ ሻንጣ ትዘጋለች። እናቴን ለማወቅ ገና ስጀምር እረፍቷ አለቀ ይሉኛል። የእኔስ?»

አያ ይመር ወደ እናቴ ዞሩ። «ተከሳሽ፣ ምን ትያለሽ?»

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ስለ ኑሮ፣ በላከችው ገንዘብ ስለተሠራው ቆርቆሮ ቤት፣ ስለ ትምህርቴ እንድትናገር ነበር። ሁሉም እውነት ነው። እናቴ ግን የአባያዋን እጅጌ አስተካከለች፤ ከዚያ፣ «አምኛለሁ» አለች።

«ካመነች ክርክር የለም» አሉ አያ ይመር፤ ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። «የሺ፣ ምን እንዲፈረድልሽ ነው የምትጠይቂ?»

ይህን አላሰብኩበትም! ክሱን ስመርጥ፣ ስቀምም፣ ዳኝነት የሚጠየቅ መሆኑን ረስቼዋለሁ። እንዳትሄድ ልል አፌን ከፈትኩ። ሻንጣዎቹን አየሁ፤ አክስቴን አየሁ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«ትምህርት ቤት ሲከፈት ታድርሰኝ። ሦስተኛ ክፍል። ሁሉም እናቱ ታደርሰዋለች። አንድ ቀን።»

«ከታች እንጀምር» አሉ ዳኛው። «ከድጃ!»

ከድጃ አደገደገች። «ጓደኛዬ ስለሆነች የእኔ ፍርድ አይታመንም» አለች። «ግን ሻንጣው ይውረድ።»

ሰዉ ሳቀ። ረዳቱ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔን እናቴ አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ቤት አድርሳኝ አታውቅም» አለ። «ብታደርሰኝ ኖሮ ይኸኔ ዶክተር ነበርኩ።» ሳቁ በረታ።

ከመስኮት አንዲት ከጅዳ የተመለሰች ሴት ጮኸች። «ስንዱ! ኹሩጅ አውዳሽ እስከ መቼ ነው?» የመውጫና የመመለሻ ፈቃዷን ነው።

«እስከ መስቀል» አለች እናቴ።

«ታዲያ አሁን ምን ያጣድፍሻል?»

«መዳሜ ልጇ ልትወልድ ስለሆነ ቶሎ ነይ ብላኝ ነው።»

«ያ ረቢ! የሷ ልጅ ገና ትወልዳለች፤ ያንቺ ልጅ ተወልዳ፣ አድጋ፣ አውቶብስ አቁማለች! ትኬት ይቀየራል፤ እኔ ሁለቴ ቀይሬያለሁ። አብሽሪ፣ ውረጂ!»

ሹፌሩ ከሱሪው ላይ ጭቃ እያራገፈ፣ «የእኔ ፍርድ ቶሎ ይለቅ ነው» አለ። «ይውረድላት፣ እንሂድ።»

አያ ይመር ተነሱ። «ሰው ፈርዷል። እኔ የምጨምረው የለኝም» አሉ። «ስንዱ፣ ልጅሽን ትምህርት ቤት አድርሰሽ ትሄጃለሽ። የሺ፣ ካደረሰችሽ በኋላ ክስሽ ያበቃል። ትስማሚያለሽ?»

«እስማማለሁ።»

ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ አቀበለን። እናቴ እየሳቀችና እያለቀሰች ትቀበላለች። አውቶብሱ ሲሄድ የተሳፈሩት ሁሉ እጃቸውን አወዛወዙልን። እናቴ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ፣ «ማን ነው እንዲህ መናገር ያስተማረሽ?» አለችኝ። ወደ አያ ይመር አመለከትኩ። ቀረብ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው ግን፣ «እኔ የለሁበትም፣ ወላሂ! እኔ ዳኛ ነኝ» እያሉ ራሳቸውን ይከላከላሉ።

ደሴ ያለው ዘመዳችን ተደውሎለት ትኬቱን አስቀየረ። የመዳሟ ቁጣ በስልክ መጣ፤ እናቴ በአረብኛ ረጅም ነገር መለሰችላት፣ ስልኩን ዘጋች፣ ከዚያም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

እነዚያ ሦስት ሳምንታት ከክረምቱ ሁሉ ይረዝማሉ። እናቴ ቀን መተኛት ተወች። ድንች በፍም ስንጠብስ ልጣጩን ከእኔ ቀድማ ትሰርቃለች። ፀጉሬን ስትሠራኝ ጅዳ ያለው ቤት ስንት ክፍል እንዳለው፣ ሕፃኑ ማን እንደሚባል፣ አንድ ጊዜ አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶባት እንዴት እንደጮኸች ትነግረኛለች። ሰዓዳንም በዚያው ተዋወቅኋት፤ ቀልደኛ ሴት ናት። አንድ ቀን አያ ይመር በራችን ላይ ቆመው፣ «ችሎት ቀርተሻል እኮ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሳምንት ሙሉ ወደ በረንዳው አልሄድኩም። ያ ዘመን ሳላውቀው ከእጄ ወጥቶ ነበር፤ እኔም እንደወጣ ልብ አላልኩም።

«እናቴ ቤት አለች» አልኳቸው።

«እንግዲያማ» አሉ፤ ሄዱ።

ትምህርት ቤት የተከፈተ ቀን ደመናው ገለጥ ብሎ ነበር። እናቴ የአክስቴን ቀሚስ ለብሳ፣ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣ አደረሰችኝ። በር ላይ ሌሎቹ እናቶች ተመለሱ፤ እሷ ገባች። ክፍሌን እንዳሳያት ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት። ወንበሬን አየች፣ በመሐረቧ ጠረገችው። ትምህርት ተጀምሮ መምህራችን ጀርባቸውን ሲያዞሩ፣ ፊቷ በመስኮቱ ብቅ አለ። ልጆቹ ተንጫጩ፣ «የማን እናት ናት?»

«የኔ!» አልኩ። አላፈርኩም። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ እኔ ጮክ ብሎ «የኔ» ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሄደች። እንደምትሄድ በዋዜማው ራሷ ነገረችኝ፣ ፊት ለፊት፣ ሳትንሾካሾክ። ጠዋት መናኸሪያ አብሬያት ሄድኩ። ትንሿን ቦርሳ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ ገብቼ በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ያዝኩላት፤ ከላይ ውኃ እንደማያንጠባጥብ በእጄ ዳብሼ አረጋገጥኩ። ስወርድ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሟል። አወቀኝ።

«ዛሬስ ክስ የለም?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። «ደሴ ስትደርሱ ሻንጣዋን አንተ አውርድላት፤ ወገቧን ያማታል።»

«እሺ እመቤቴ» አለ።

እናቴ ክንዷን በመስኮቱ አውጥታ እጄን ያዘች። በዚያን ቀን አውቶብሱ አርፍዶ ነበር የተነሳው፤ ሲንቀሳቀስ ትንሽ አብሬ ተራመድኩ፤ ከዚያ ለቀቀችኝ። አውቶብሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ አልቆምኩም። ደወሉ ሊደወል ነበር። ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ በአዲሱ የፀሐይ ብርሃን፣ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ። ስደርስ ሰልፉ ተበትኗል። መምህራችን በሩ ላይ አስቁመው፣ «ለምን አረፈድሽ?» አሉኝ።

«እናቴን ሸኝቼ» አልኳቸው።

በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱልኝ፣ ገባሁ።